ለቤት የሚሆን ዲፕ ፍራየር፦ አንድ ሊትሩ፣ ሦስት ሊትሩ ወይስ ስድስት ሊትሩ?

ዲፕ ፍራየር (ምግብ በጋለ ዘይት ውስጥ ነክሮ የሚጠብስ የኤሌክትሪክ ማሽን) ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የማሽኑን ዋጋ ነው። ያ ግን አንዴ ተከፍሎ ያልቃል፤ ኪስ የሚያራቁተው ማሽኑ በየጊዜው የሚጠይቀው ዘይት ነው። በወር ሁለት ሦስቴ ቺፕስ፣ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ ወይም የጣና ዓሣ ለሚጠብስ ቤት የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት "ስንት ሊትር ካልሞላሁበት አይሠራም?" የሚለው ነው። ሁለተኛው "የቤቴ መስመር ይችለዋል ወይ?" የሚል ነው። የክዳኑ መስኮት፣ የደወሉ ድምፅ፣ የሳጥኑ ቀለም ከዚያ በኋላ ይታያሉ።

ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ ለቤት ተብለው የሚቀርቡትን ርካሽ ፍራየሮች በመጠናቸው ሦስት ቦታ መክፈል ይቻላል። በማርካ ማወዳደሩን ትቼዋለሁ፤ ያው አንዱ ዕቃ የተለያየ ስም እየተለጠፈበት ስለሚሸጥ ብዙ አይረዳም። ሲልቨር ክረስት ለምሳሌ ሊድል የሚባለው የጀርመን ሱፐርማርኬት የራሱ ማርካ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ስሙ ስለተጻፈ ብቻ ዕቃው ከዚያ መጥቷል ማለት አይደለም።

ትንሹ፦ ከ1 እስከ 1.5 ሊትር

ኃይሉ ብዙውን ጊዜ ከ900 እስከ 1,200 ዋት ነው። አገራችን የሚሠራው በ220 ቮልት ስለሆነ 1,000 ዋት ማለት 4.5 አምፔር ገደማ ነው፤ መደበኛ የቤት ሶኬት ሳይጨነቅ ይሸከመዋል። ቶሎ ይሞቃል፣ ቦታ አይዝም፣ ዘይቱ ቢበላሽ የሚደፋው አንድ ሊትር ብቻ ነው።

ጉድለቱ አቅሙ ላይ ነው። በአንድ ዙር ከ250 እስከ 300 ግራም ድንች ቢጠብስ ነው። ለባልና ሚስት ይበቃል፤ ስድስት ሰው ባለበት ቤት ግን የመጀመሪያው ዙር ተበልቶ ሲያልቅ ሁለተኛው ገና ዘይት ውስጥ ነው። ሙሉ ቆሮሶም አይገባበትም፣ ጭራው ከዘይቱ ውጭ ይቀራል። ፊሌቶ አድርጋችሁ በትንሽ በትንሹ ከሆነ ይሄዳል።

ሌላው ነገር፣ ከትንንሾቹ ብዙዎቹ ድስታቸው አይነቀልም። ማሞቂያው ከሥር ተሸፍኖ ድስቱ ከሳጥኑ ጋር አንድ ሆኖ ተሠርቷል። ውኃ ውስጥ ነክሮ ማጠብ የለም፤ ዘይቱን ለማውጣትም ማሽኑን እንዳለ አንስቶ ማዘንበል ነው፤ ያውም ዘይቱ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ።

መካከለኛው፦ ከ2.5 እስከ 3.5 ሊትር

ከ1,800 እስከ 2,200 ዋት ይወስዳል። ጥሩው ዓይነት አራት ቦታ የሚፈታው ነው፦ የውጭው ሳጥን፣ የውስጡ የማይዝግ ብረት ድስት፣ ቅርጫቱ፣ እንዲሁም ማሞቂያውና ሙቀት መቆጣጠሪያው አብረው የተያያዙበት ጭንቅላት። ጭንቅላቱ ወደ ላይ ተነቅሎ ይወጣል። እሱን በጨርቅ መወልወል፣ ድስቱንና ቅርጫቱን በሙቅ ውኃና በሳሙና ማጠብ ነው። ማሞቂያው ዘይቱ ውስጥ ከታች ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ የሚረግፈው ዱቄት ከሱ በታች ያለው ሙቀቱ አነስ ያለ ዘይት ውስጥ ይወርዳል። እዚያ ቶሎ ስለማያር ዘይቱም ቶሎ አይጠቁርም።

ጾምና ፍስኩን የውጭ አገር ንጽጽሮች አያነሡትም፤ ለኛ ግን ከሁሉም በላይ የሚቀድም ጉዳይ ነው። ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት ዓርብ ሳምቡሳ አይጠበስም። ስለዚህ ሁለት ዘይት መያዝ ግድ ነው። ሦስት ሊትር የሚጠይቅ ማሽን በዚህ ስሌት ስድስት ሊትር ይሆናል፣ 1.2 ሊትሩ ደግሞ 2.4። ዓሣውን በጾም መብላት አለመብላቱ በየቤቱ ይለያያል፤ የሚበላበት ቤት ቢሆንም የዓሣውን ዘይት ለብቻው ማስቀመጥ ይሻላል፣ ቆሮሶ ቆሮሶ የሚሸት ቦምቦሊኖ ለእንግዳ አይቀርብም። ዘይቱ ሲቀየር ድስቱም መታጠብ አለበት። የማይነቀለውን ድስት በጨርቅ እየፈተጉ "ለጾም ሆኗል" ማለት ለብዙ እናቶች አይዋጥም። በዘይት ትንሹ ያሸንፋል፣ በማጠቡ ደግሞ የሚፈታው መካከለኛ። አንድ ሊትር ተኩል የሚይዝ፣ ድስቱም የሚነቀል ካገኛችሁ ሁለት ጊዜ አታስቡ።

ስድስት ሊትሩ

ክፍት ገንዳ ያለው፣ መንገድ ዳር ቺፕስ የሚጠብሱ ልጆች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው። ነጠላው 2,500 ዋት አካባቢ፣ ጥንዱ የሁለት እጥፍ። ለቤት አልመክረውም። "ግማሹን ብቻ እሞላዋለሁ" የሚለው ሐሳብ አያዋጣም፤ ዘይቱ ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ ካልሸፈነ ማብራት አይቻልምና። ለሰርግና ለልደት ብሎ ከመግዛት መዋስ ወይም መከራየት ይሻላል።

ዋቱን ለሊትሩ አካፍሉት

ሱቅ ቆማችሁ በስልካችሁ የምትሠሩት ቀላል ስሌት ነው። 1,000 ዋት ለ1.2 ሊትር ሲካፈል ለአንድ ሊትር 833 ዋት ይደርሳል። 2,000 ዋት ለ3 ሊትር 667። 2,500 ዋት ለ6 ሊትር 417 ብቻ። ቀዝቃዛ ድንች ሲገባ የዘይቱ ሙቀት ይወርዳል፤ ማሞቂያው ቶሎ ካልመለሰው ድንቹ ከመጠበስ ይልቅ ዘይት ሲመጥ ይቆያል። ከ600 በታች የሆነውን እኔ አልገዛም።

ይህ ስሌት መብራቱ ሙሉ ሲሆን ነው። ምሽት ላይ መስመሩ ሲጨናነቅ ቮልቱ እንደሚወርድ አምፖላችን ራሱ ይነግረናል። የማሞቂያ ኃይል ደግሞ የሚወርደው ከቮልቱ በባሰ ነው፦ 220 የነበረው 180 ሲሆን 2,000 ዋቱ ወደ 1,340 ያሽቆለቁላል። አሥር ደቂቃ የሚሞቀው ሦስት ሊትር ሩብ ሰዓት ይወስዳል ማለት ነው። በዚያ ላይ የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ መሰካት ብሬከር ያስወርዳል፣ ብሬከር በሌለበት ቤት ደግሞ ሽቦ ያቀልጣል። መካከለኛውን የምትገዙ ከሆነ በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ላይ እንጂ ቴሌቪዥንና ቻርጀር የተንጠለጠሉበት ማከፋፈያ ላይ አትሰኩት።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ፍራየር 120 ቮልት ነው። ትራንስፎርመር ሳይኖር 220 ላይ ከተሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ስቦ ወዲያው ይቃጠላል፤ ያን የሚሸከም ትራንስፎርመር ከመግዛት እዚሁ ሌላ ፍራየር መግዛት ይቀላል። ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስፒና ያለውን ደግሞ በርካሽ አዳፕተር አትጠቀሙበት፣ ስፒናውን በባለሙያ አስቀይሩት።

ዘይቱና ከፍታው

የሚረጋውን ዘይት የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን ልብ በሉ። በደብረ ማርቆስ ወይም በእንጅባራ ብርድ ዘይቱ ጠዋት ነጭ ሆኖ ረግቶ ይገኛል። ማሞቂያው ውስጡ ባለ ፍራየር የረጋውን እንዳለ አብርቶ መተው አደጋ አለው፤ ብረቱን የነካው ብቻ ይቀልጥና ክፍተት ይፈጠራል፣ ብረቱ ባዶውን ይግላል፣ ዘይቱ ይጨሳል። በሌላ ድስት ለብ አድርጎ አቅልጦ መጨመር ነው። ማሞቂያው ከድስቱ ሥር የሆነው ትንሹ ፍራየር በዚህ በኩል ይሻላል፣ በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ ብሎ ያቀልጠዋል። የኑግ ዘይት ለወጥ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ደጋግሞ ሲሞቅ ቶሎ ይበላሻል፣ ያልተጣራው ደግሞ ገና ሳይግል ይጨሳል።

ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የሙቀት ሠንጠረዥ የተጻፈው ለቆላ ነው ብትሉ አትሳሳቱም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,446 ሜትር ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከድንቹ ውስጥ ያለው ውኃም ቀድሞ ይፈላል፤ ውስጡ ሳይበስል ላዩ ይጠቁራል። 175 ተብሎ የተጻፈውን 165 ወይም ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከ8 እስከ 10 ዲግሪ መቀነስ ይበቃታል። ስለዚህ መቆጣጠሪያው በቁጥር የሚዞር ይሁን፤ "ዓሣ" "ድንች" የሚሉ ሥዕሎች ብቻ ያሉበትን ተዉት።

ኤር ፍራየርስ?

በሙቅ አየር ነው የሚሠራው፤ ለቺፕስና ለዶሮ ክንፍ ደህና ነው፣ አንድ ማንኪያ ዘይት ይበቃዋል፣ የጾምና የፍስክ ዘይት ጣጣም የለበትም። ውኃ የበዛበት ሊጥ ውስጥ የተነከረ ዓሣና ቦምቦሊኖ ግን አይሆንለትም፤ ሊጡ ሳይያዝ ይንጠባጠባል። ቤታችሁ ቺፕስ ብቻ ከሆነ የሚጠበሰው፣ ከሦስቱም እሱ ይሻላል።

ሱቅ ስትሄዱ

ሻጩ "መሥራቱን ላሳያችሁ" ብሎ ባዶውን ሊሰካው ይችላል። አታስደርጉ፤ ማሞቂያው ያለ ዘይት ሲግል በሰኮንዶች ውስጥ ይጎዳል። ይልቅ ጭንቅላቱን ነቅላችሁ መልሱት፤ ቦታው ላይ ሲገባ መያዙ ይሰማል፣ የሚወዛወዝ ከሆነ ሌላ አስወጡ። ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ፣ 220 ወይም ከ220 እስከ 240 ማለት አለበት። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱ የሚያጠፋ መቁረጫ እንዳለው ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ከጭንቅላቱ ጀርባ ትንሽ መመለሻ ቁልፍ አለችው። የቅርጫቱን እጀታ ጨብጣችሁ አወዛውዙት፤ ርካሾቹ ላይ ቀድሞ የሚለቀው እሱ ነው፣ የሚለቀውም ድንች ሞልቶ ከዘይት ሲወጣ ነው።