እማዬን ይዘን ጎትላንድ፦ ለአንዲት እህት ምስጋና

ስቶክሆልምና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ በሰመር ከአገር ቤት እናት ወይም አባት የሚመጣላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። የማመሰግናት ሰው አለች። ስሜን እንዳትጽፊ ስላለችኝ እህታችን እያልኩ እቀጥላለሁ። ቀን ቀን የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች። በትርፍ ጊዜዋ ለሐበሻ ቤተሰቦች የመኪና ጉዞ ታቅዳለች። አብራ አትሄድም፤ ታቅዳለች፣ ታስቆርጣለች፣ በስልክ ትከታተላለች።

መጀመሪያ የጠየቅነው አንድ አስጎብኚ ድርጅት ነበር፤ ስሙ ይቅር። ደሴቷን በሁለት ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያስሮጥ ፕሮግራም ላከልን። ጎትላንድ እኮ የስዊድን ትልቁ ደሴት ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ የመጣችው መኪና ውስጥ ተቀምጣ በመስኮት ዛፍ ስትቆጥር ልትውል አይደለም።

ይህች እህት ግን መጀመሪያ ያለችው "ስልኩን ለእማማ ስጪልኝ" ነው። "እማማ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃ ይወጣሉ? መኪና ውስጥ ያጥወለውልዎታል?" እማዬ ሐኪም መስላት ነበር። ቀጥላ ስለ ጾም ጠየቀቻት። ቀኑን የቆረጠችውም በዚያ ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ በሁለቱ መሃል ያለውን ጊዜ ያዘችልን። በኦገስት መጀመሪያ ደግሞ ቪስቢ ከተማ የመካከለኛው ዘመን ሳምንት ስለሚከበር አልጋ ማግኘት መከራ ነው። ከሱም ተረፍን። ዋጋው ግን አልተረፈንም። በጁላይ ጎትላንድ ውድ ነው፤ ማንም ቢያቅድላችሁ ይህን አያስቀርላችሁም።

መርከቡ የሚነሳው ከኒነስሃምን ነው፤ ከስቶክሆልም ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ። እስከ ቪስቢ ከሦስት ሰዓት ትንሽ ያልፋል። እሷ እንደምትለው ቶሎ የሚያልቀው የሰው ወንበር ሳይሆን የመኪና ቦታ ነው። ገና በረዶው ሳይቀልጥ ቲኬቱን አስቆረጠችን። ማረፊያም ሆቴል ትቼ ኩሽና ያለው ትንሽ ቤት ፈለግሁላችሁ አለች። ዓርብ ዕለት ምስር ወጣችንን ሠርተን ስንበላ ነው ምክንያቱ የገባኝ።

ቪስቢ በግንብ የታጠረች አሮጌ ከተማ ናት። ግንቡ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ዩኔስኮ በ1995 መዝግቧታል። ችግሩ ከተማዋ ተዳፋት ላይ መሆኗ ነው፣ መንገዱም ኮብልስቶን ነው። እህታችን ምን አደረገች? ከላይ ከምሥራቁ በር አስወረደችን። ባለቤቴ መኪናውን አዙሮ ታች ወደብ አጠገብ እንዲጠብቀን አደረገች። ቁልቁለቱን ቀስ እያልን በእግር፣ ዳገቱን በመኪና። እማዬ መሃል ላይ ካቴድራሉ ውስጥ አረፍ አለች። ይህንን ማንም የጉዞ መተግበሪያ አይነግራችሁም።

ከዚያ ወደ ሰሜን። ሉሜሉንዳ የሚባለውን ዋሻ ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ገቡ። በ1948 ሦስት ልጆች ናቸው ወደ ውስጥ የሚያስገባውን መንገድ ያገኙት፤ የኛዎቹ ይህን ሲሰሙ የያዙት ኩራት! ውስጡ ብርድ ስለሆነ እማዬ እንዳትገባ እህታችን አስቀድማ ሰርዛዋለች። በምትኩ ላርብሮ ላይ አስቆመችን፤ ማማው ስምንት ማዕዘን የሆነ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጎትላንድ ላይ ከመካከለኛው ዘመን የቀሩ ከ90 በላይ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። እማዬ ግድግዳውን ተሳለመችና ገባች። የሉተራን ነው አይደለም ብላ አልጠየቀችም።

ፎሮ የምትባለው ትንሿ ደሴት የምትሻገሩት በነፃ ጀልባ ነው፤ የመንግሥት መንገድ አካል ስለሆነ አይከፈልበትም። በጁላይ ሰልፉ ረጅም ነውና በጠዋት ተነሱ ብላን ነበር፤ ሰማናት። እዚያ ላንግሃማርስ በሚባለው ቦታ ባሕሩ ዳር ላይ የቆሙትን የድንጋይ ዓምዶች ስታዩ አፋችሁን ትከፍታላችሁ። ድንጋዩ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ አካባቢው ከምድር ወገብ አጠገብ የነበረ ሞቃት ባሕር ሳለ የተሠራ ኮራል ነው። በኋላ ማዕበሉ ለስላሳውን እየሸረሸረ ጠንካራውን አስቀረ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን አካባቢው የውጭ ዜጋ የማይገባበት ወታደራዊ ክልል ነበር። ይህንን ለእማዬ ስነግራት "እንኳን ቆይቼ መጣሁ" አለች።

የጎትላንድን የሳፍሮን ፓንኬክ እህታችን ሐሙስ ላይ ያደረገችው አውቃ ነው። ከሩዝ፣ ከወተትና ከእንቁላል በምድጃ የሚጋገር ነው፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን እማዬ አትነካውም ነበር። እኔ ብዙም አልጣመኝም፤ እማዬ ግን ጨረሰችው።

ደቡቡን አላየንም። ባለቤቴ የደሴቷን ደቡብ ጫፍ ሆቡርገንን ሳናይ ተመለስን ብሎ ትንሽ አኩርፎ ነበር። እህታችን ገና ስታቅድ "ሁሉን ለማየት ከሆነ እማማን ቤት ተዉልኝ" ብላው ነበር። እኔ ለሷ ፈርጃለሁ።

አንድ ነገር ልናገር፤ በጽሑፍ አትመልስም። ሁሉ ነገር ረጅም የድምፅ መልእክት ነው፣ መሃል ላይ ከልጆቿ ጋር ታወራለች። ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ቁም ነገሩ ሁሌ መጨረሻው ላይ ነው። የምትጠይቀው ክፍያ መጠነኛ ነው፣ አስቀድማ ትነግራችኋለች።

ቁጥሯን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ለመጪው ሰመር የምታስቡ ከጥምቀት በኋላ ብዙ አትቆዩ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን አትደውሉላት፤ ሥራ ላይ ናት።