ብር ከመላካችሁ በፊት ቁልፉን ተቀበሉ፦ በዓመት ክፍያ ስለሚሸጥ የማይንክራፍት ሰርቨር

ልጆቻችሁ ወይም ታናናሾቻችሁ «የራሳችን የማይንክራፍት ሰርቨር ይኑረን» (በብሎክ ዓለም የሚገነቡበትን ጨዋታ አብረው የሚጫወቱበት፣ በኢንተርኔት የሚገናኙበት ኮምፒውተር) እያሉ የሚወተውቷችሁ ከሆነ፣ በቴሌግራም ለሚሸጥ ሰው የዓመት ክፍያ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ቤት የደረሰው ሌላ ቤት እንዲደገም አልፈልግም።

የእህቴ ልጆች አዲስ አበባ፣ የወንድሜ ልጆች ሜሪላንድ ናቸው። በስልክ ሲገናኙ ከሰላምታ በቀር የሚያወሩት አልነበራቸውም። ጨዋታው ላይ ግን ሰዓታት ያወራሉ፤ የሜሪላንዶቹ አፍ በአማርኛ የተፈታው እዚያ ነው። ስለዚህ ሚያዝያ 2016 ላይ አንድ ሻጭ «8 ጊጋ ራም፣ ሌት ተቀን የማይጠፋ፣ ሙሉ ቁጥጥሩ ያንተ የሆነ» ሲለኝ የዓመቱን 12,000 ብር በቴሌብር በአንዴ ላክሁ። «ማስተካከያ» ብሎ ሌላ 2,500 ብር ጨመረብኝ።

የማስተካከያውን ነገር በአጭሩ ልናገር። የሰርቨሩ ፋይል በነፃ የሚወርድ ነው። ጃቫ መጫን (ጨዋታው የሚሠራበት ፕሮግራም ነው፤ ከጨዋታው ስሪት 1.20.5 ጀምሮ ቢያንስ ጃቫ 21 ይፈልጋል)፣ ፋይሉን አንዴ ማስነሳት፣ ዩላ በሚባለው የስምምነት ፋይል ውስጥ «ፎልስ» የሚለውን ወደ «ትሩ» መቀየር፣ ተጫዋቾች የሚገቡበትን በር፣ 25565 ቁጥር ፖርትን መክፈት፤ ይኸው ነው። ለለመደው ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት ቅዳሜ ማታ ታየ። አምስት ልጆች ብቻ ገብተው በር ዘግይቶ ይከፈታል፣ የቆረጡት እንጨት ተመልሶ ቦታው ላይ ይታያል። ሻጩ «ኢንተርኔታችሁ ነው» አለኝ። አልነበረም። የማይንክራፍት ሰርቨር ዓለሙን በሰከንድ 20 ጊዜ ያሰላል፤ ለአንዱ ዙር ያለው ጊዜ 50 ሚሊሰከንድ ነው፣ ዋናው ስሌት ደግሞ የሚሠራው በአንድ የፕሮሰሰር ኮር ላይ ነው። ስፓርክ የሚባለውን ነፃ ፕለጊን (ሰርቨሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ጭኜ ሳየው 20ው ወደ 9 ወርዷል። የእኛ ኢንተርኔት ቢንቀራፈፍ ይህ ቁጥር አይነካም፤ የሚወርደው ማሽኑ ራሱ ሥራ ሲበዛበት ነው። አንዱን ማሽን ለስንት ሰው እንደሸጠው ብጠይቀው መልስ አልሰጠኝም። ራም ብቻ እየጠራ የፕሮሰሰሩን ዓይነት የማይነግራችሁን ሻጭ ተጠራጠሩ።

ዋናው ጉዳይ ግን «ሙሉ ቁጥጥር» ያለው ነው። የሰጠኝ የአንድ ፓነል፣ ማለትም የመቆጣጠሪያ ገጽ፣ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ነበር። ማስነሳት፣ ማጥፋት፣ ትእዛዝ መጻፍና ፕለጊን ከዝርዝር መርጦ መጫን እችላለሁ፤ ልጆቹ የገነቡት ሁሉ የሚቀመጥበትን «ወርልድ» የሚባል ፎልደር ግን ማውረድ አልችልም። ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ስፈልግ «ጠይቀኝና እልክልሃለሁ» ይለኛል፤ ሁለቴ ጠየቅሁ፣ አልላከም። ከሩቅ ሆኖ ሰርቨር ማስተዳደር ማለት በኤስኤስኤች (ማሽኑን ከርቀት በተመሰጠረ መስመር በማዘዣ) መግባት፣ ሚስጥራዊ ቁልፉም በራስህ ኮምፒውተር ላይ መሆን ነው፤ ቢያንስ ቢያንስ ፋይል የሚወርድበት የኤስኤፍቲፒ መግቢያ ሊኖርህ ይገባል። እኔ ግን ቤት ተከራይቼ ቁልፉ አከራዩ ኪስ ውስጥ ነበር።

ሌላም አለ። ሻጩ «ኦንላይን ሞድ» የሚባለውን አጥፍቶ ነው የሰጠኝ፣ አካውንት ያልገዛ ሁሉ እንዲገባ። ያኔ ሰርቨሩ የሚገባውን ሰው ማንነት አያጣራም፤ የእህቴን ልጅ ስም የጻፈ ማንም ሰው እሷን ሆኖ ይገባል፣ የአስተዳዳሪነት መብቷንም ይይዛል። ሕፃናት የሚጫወቱበትን ሰርቨር እንዲህ አድርጎ፣ ሳይናገሩ መሸጥ በደል ነው።

ክረምቱን ሙሉ ልጆቹ የጎንደሩን የፋሲል ግንብ ሲገነቡ ከረሙ። ትልቋ ፎቶ እያየች አራቱን ክብ ማማዎች በየማዕዘናቸው አቆመች። መስከረም 2017 ላይ ሰርቨሩ አልነሳ አለ። ሻጩ ሁለት ሳምንት ስልክ አላነሳም፤ በኋላ ግን እውነቱን ነገረኝ። ማሽኑን ውጭ አገር ካለ ድርጅት በየወሩ በዶላር ነበር የሚከራየው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር ሲታሰብ የእኔ 1,000 ብር 17 ዶላር ገደማ ነበር፤ ወዲያው 10 ዶላር እንኳ የማይሞላ ሆነ። ኪራዩን አቋረጠ፣ ድርጅቱ ማሽኑን ዘጋ፣ ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ዲስኩ ተደመሰሰ።

ዶላር በመወደዱ አልወቅሰውም። ሊዘጋ መሆኑን እያወቀ ለአንዳችንም «ፋይላችሁን አውርዱ» አለማለቱን ግን ይቅር ማለት አቅቶኛል። አንዲት መልእክት ትበቃን ነበር። ግንቡ ጠፋ፤ የቀሩት ወራት ገንዘብም አልተመለሰም።

አብዛኞቻችን ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ስለሌለን እንዲህ ዓይነት ሻጭ ጋ መሄዳችን ይገባኛል። ከሄዳችሁ ግን በወር እንጂ በዓመት አትክፈሉ፤ በብር ተቀብሎ በዶላር የሚከፍል ሰው የምንዛሬውን አደጋ የሚያሸክመው እናንተን ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የሙከራ መግቢያ ጠይቁ፣ የ«ወርልድ» ፎልደሩን በእጃችሁ አውርዱና ላፕቶፓችሁ ላይ ከፍታችሁ እዩት። «አይቻልም» ካለ እዚያው ተዉት። እኛ አሁን የወንድሜ ሚስት በራሷ ካርድ በየወሩ ትከራይልናለች፣ እኔ ከአዲስ አበባ በኤስኤስኤች እገባለሁ። ዋይትሊስት የሚባለውን የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር አብርተን ስማቸውን የጻፍናቸው ልጆች ብቻ ይገባሉ፣ ኦንላይን ሞዱም በርቷል፤ አካውንት ላልነበራቸው ሁለት ልጆች ገዛንላቸው። በየሌሊቱ የሚዘጋጀውን ባክአፕ እሑድ እሑድ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ እገለብጣለሁ።

አሁን የዓመት ክፍያ ከፍላችሁ ሰርቨሩ እየሠራ ያለ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ግቡና ማውረድ የሚቻል መሆኑን ሞክሩ። መጀመሪያ ሰርቨሩን አቁሙት፤ እየሠራ ከተገለበጠ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ሰርቨሩ ፔፐር የሚባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ኔዘርና ኤንድ የሚባሉት የጨዋታው ሌሎች ዓለሞች ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ሌላ ሁለት ፎልደር ናቸውና ሦስቱንም አውርዱ።