ስምንት ወር ከኪሴ ያልተለየችው ኢሲ ሜትር

ሆለታ አበባ እርሻ ውስጥ የጽጌረዳውን ማዳበሪያ የምቀላቅለው እኔ ነኝ። እስክሪብቶ የምታክለውን ኢሲ ሜትሬን ጥቅምት ላይ በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። ውሃው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍበትን መጠን ለክታ ማዳበሪያው በዛ ወይም አነሰ ትለኛለች።

ኅዳር ላይ ግን ልጥላት ምንም አልቀረኝም ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ የታንከሩ ውሃ 13 ዲግሪ። ከጃኬቴ ኪስ አውጥቼ ስነክራት 1.3 ሚሊ ሲመንስ (የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ መለኪያ) አለች። የምንፈልገው 1.8 ስለሆነ ማዳበሪያ ጨመርኩ። ሦስት ጠዋት እንዲህ አደረግኩ። በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ስለካው 2.5! የለጋው ቅጠል ጠርዝ ቡናማ መሆን ጀምሮ ነበር። ያን ቀን ያዘንኩትን አልረሳውም።

ጥፋቱ የሙቀት ነው። ውሃ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ ኤሌክትሪኩን የሚሸከሙት የሟሟው ጨው ቅንጣቶች (አዮኖች) እንደ ልብ መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል፤ ስለዚህ ማዳበሪያው ሳይቀንስ ንባቡ ይወርዳል፣ በአንድ ዲግሪ 2 በመቶ ገደማ። 1.8 የሆነው ውሃ 13 ዲግሪ ላይ በጥሬው 1.37 ብቻ ነው። መሣሪያዋ ይህን አስልታ ንባቡን ውሃው 25 ዲግሪ ቢሆን ወደሚያሳየው ትመልሰዋለች፤ ነገር ግን የሙቀት መለኪያዋ ፕላስቲክ ውስጥ ስለተቀበረ የውሃውን ሙቀት ቶሎ አይዝም። ከኪሴ ስትወጣ 28 ዲግሪ ላይ ስለነበረች ውሃውንም ሞቃት መስሏት ጭራሽ ቀነሰችው።

አሁን ነክሬ ትልቁን ቁጥር ትቼ ከሥሩ ያለውን ዲግሪ አያለሁ። 28፣ 24፣ 19 እያለ ሲወርድ ላይኛው 1.3፣ 1.4፣ 1.6 እያለ ይወጣል። ዲግሪው 13 ላይ ሲቆም 1.8 ይመጣል። ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ቀስ አድርጎ ማማሰል ያፈጥነዋል።

ካሊብሬት ሳደርግም፣ ማለትም ንባቧን በሚታወቅ ፈሳሽ ሳስተካክል፣ እንዲሁ ነው። የፈሳሹ ከረጢት ላይ 1413 ማይክሮ ሲመንስ (1.413 ሚሊ ሲመንስ) የሚለው ለ25 ዲግሪ ነው፤ ያው ፈሳሽ 20 ዲግሪ ላይ 1278 ነው። ስለዚህ ከረጢቱንና ሜትሯን አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት አቆያቸዋለሁ።

ባትሪዋን አንዴ ብቻ ቀይሬአለሁ። ጫፏ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር በኮምጣጤ ይለቃል። የማልወድላት 2 በመቶው የማይቀየር መሆኑን ነው፤ አሲድ በሙቀት የሚለወጠው ከጨው ባነሰ መጠን ስለሆነ የአሲዱን ታንከር በእሷ አልለካም። ሌላ ስገዛ የሙቀት መለኪያዋ ብረት ሆኖ በቀጥታ ውሃ የሚነካላትን እፈልጋለሁ።