ኮምቦልቻ ፋብሪካ ወይስ ደሴ የራስ ስፌት ቤት?

ስፌት የተማረ የወሎ ወጣት በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይቀጠር ወይስ ደሴ ላይ የራሱን የስፌት መኪና ይትከል?

መነሻ ወጪ፦ ተቀጣሪው ሙያውን ብቻ ይዞ ይገባል፤ የራሱን ለሚከፍት ግን ከመኪናው ዋጋ በላይ የሚከብደው የቤት ኪራዩ ነው።

ዋስትና፦ ሰፊው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ለጡረታ አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ፤ የምትወልድ ሠራተኛም በሕጉ መሠረት ደመወዟ ሳይቋረጥ የ120 ቀን ፈቃድ ታገኛለች። በራሱ የሚሠራው በታመመ ዕለት ገቢው ይቆማል፤ ብዙዎች ይህን አቅልለው ማየታቸው ያሳስበኛል።

ገቢ፦ ደመወዝ ትንሽም ቢሆን ወር ጠብቆ ይመጣል። ስፌት ቤት በአረፋና በገና ሰሞን እስከ ሌሊት ያሠራል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል፤ መብራት ሲጠፋ ግን በእግር የሚረገጠው መኪና አይቆምም።

እርካታ፦ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ብቻ ሲገጥም የሚውል ሰው ፍጥነትን ይማራል፤ ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ሰፍቶ የሚያለብሰው ግን ሙያውን ከዳር እስከ ዳር ያውቃል።

ልጅ ላላትና ደጋፊ ለሌላት ፋብሪካው ይሻላል። ከቤተሰቡ ያለ ኪራይ በረንዳ ለሚያገኝ የራሱ ሥራ ይበጃል፤ ይህ ለሌለው ደግሞ የመኪና መግዣና የኪራይ ገንዘብ እስኪያጠራቅም መቀጠሩን እመርጥለታለሁ።