አባትና ልጅ የነደፉት ቤት፦ ከ14 ወር በኋላ

የእማዬን ቤት አድሰን ከገባን 14 ወር ሆነን። ቀበና ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ድምፁ ቤት ድረስ ይሰማል። ሁለተኛውን ክረምት እያሳለፍንበት ስለሆነ አሁን በደንብ መናገር እችላለሁ።

ፕላኑን የሠሩት አባትና ልጅ አርክቴክቶች ናቸው። ትንሽ ቢሮ ነው፤ ሂሳቡን እናትየው ይይዛሉ። መጀመሪያ የመጡ ቀን አባትየው ሜትር እንኳ አላወጡም። "እትዬ፣ ቡና የት ነው የሚያፈሉት?" ብለው እማዬን ጠየቁ። "ጠዋት በረንዳ፣ ከሰዓት ጓሮ። ፀሐይዋን ነው የምከተለው" አለች። ልጃቸው ቁጭ ብላ ጻፈችው።

እኔ ፊቱ በሙሉ መስታወት እንዲሆን ፈልጌ ነበር። አባትየው ፒያሳ ወስደው ጣይቱ ሆቴል ፊት አቆሙኝና ስለ ድሮ ቤቶች ጣሪያና በረንዳ አወሩኝ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይቆረጥማል። "መስታወቱ ቀን ይቀቅልሃል፣ ማታ ያበርድሃል" አሉኝ። ልጅቷ ደግሞ በካርቶን ሞዴል አሳየችኝ፤ በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ በሰኔ ወደ ሰሜን ትዞራለች። ስለዚህ ትልቁ መስኮት ወደ ደቡብ ሆነ።

ከቤቱ ሁሉ የምወደው እሱ ሥር ያለውን መቀመጫ ነው። ከፈረሰው ግድግዳ በወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው የተሠራው፤ የድሮው ጠራቢ የመሮ ምት አሁንም በእጅ ይዳሰሳል። በበጋ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ይውልና እስከ ማምሻው ይሞቃል። እማዬ ወገቧን ሲያማት እዚያ ትደገፋለች።

ያስቸገረን ነገርም አለ። ፕላኑ ብቻ 5 ወር ፈጀ፤ በዚያ ላይ የቤት ኪራይ እየከፈልን ነበር። አምና ሐምሌ ደግሞ አሸንዳው ሞልቶ በረንዳው ላይ ፈሰሰ። ስደውል ልጅቷ በዝናቡ መጣች። መሰላል ላይ ወጥታ አየችና "ቱቦው ጠቧል፤ ስህተቱ የእኔ ነው" አለች። በሳምንቱ ሰፊ ቱቦ ተገጠመ፣ ወጪውን እነሱ ቻሉ። እንዲህ የሚል ባለሙያ ብዙ አላጋጠመኝም።

ትናንት ዶፍ ሲወርድ ሦስት ጎረቤቶች በረንዳው ላይ ቶና እየጠጡ ነበር። ማንም ወንበሩን አላነሳም።