የፊት ጎማ ጎታች መኪናችሁን «በአራቱም እናስጎትተዋለን» የሚሏችሁን አትመኑ

ከሁለተኛው ጋራዥ ከወጣሁ ገና አራት ሰዓት አልሞላም፤ ምሳም አልበላሁም። ሐዋሳ ያላችሁ፣ ከሐዋሳም ወደ አለታ ወንዶ፣ ወደ ሁላ፣ ወደ በንሳ የምትመላለሱ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ፤ ለምታውቁት ባለመኪናም አድርሱልኝ። 185,000 ብር ከፍዬ ያገኘሁት አንዲት አረንጓዴ መብራትና በመዶሻ የተቀጠቀጠ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ነው።

መኪናዬ ቶዮታ ራቭ ፎር ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2000 እስከ 2005 ከተመረቱት መካከል ባለ 1.8 ሊትሯ። ይህች ሞተር ያላት ራቭ ፎር ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ የምትጎትተው በፊት ጎማዎቿ ብቻ ነው። በአራቱም ጎማ የምትጎትት የፈለገ ሰው ባለ 2.0 ሊትሯን መፈለግ ነበረበት። ከውጭ ሲያዩአቸው ግን እህትማማቾች ናቸው፤ ደላላው አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ሥራዬ ቅቤ ነው። ከሁላና ከአካባቢው ገበያ እሰበስብና ሐዋሳ ላሉ ሱቆችና ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የሁላዋ ሀገረ ሰላም ስትደርሱ ከ2,700 ሜትር በላይ ወጥታችኋል። ብርዱም ዝናቡም ሌላ ነው። በዋናው መንገድ ችግር የለብኝም። ችግሩ ከዋናው መንገድ ወጥቼ ወደ ቀበሌዎቹ ስታጠፍ ነው፤ አፈሩ ሲርስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ዘንድሮ ለፍቼ ጫምባላላ ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ መኪናዋ ተተክላ ቀረችና በሬ ተጠምዶ ነው የወጣችው። በአራቱም የምትጎትት ብትሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ ያን ቀን ልቤ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በኋላ አልወጣም።

የጋራዡን ስም ለጊዜው አልጽፍም፤ ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ስለምሄድ ነው። ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የቆርቆሮ አጥር፣ በር ላይ የተከመረ አሮጌ ጎማ፣ ውስጥ አራት አምስት ልጆች፣ አንድ ደግሞ እጁ ዘይት የማይነካው ባለቤት። ገና ከመኪና ሳልወርድ «የኔ እናት» ብሎ ተቀበለኝ። ስለ ሐሳቤ ስነግረው አልተደነቀም፤ ስንቱን ሠርተናል አለኝ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወስዶ መሬት ላይ የተቀመጠ ካምቢዮ አሳየኝ። ትራንስፈሩ፣ ማለትም ኃይሉን ወደ ኋላ የሚያወጣው ክፍል፣ ከጎኑ እንደተገጠመ ነው። ከተገለበጠች ባለ 2.0 ሊትር የወጣ ነው፣ ከሶማሌ ተራ ማታ ገባ፣ «ይሄ ያንቺ ነው» አለኝ። ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም 7 ቁጥር ተጽፎበታል። ኃይሉን ወደ ኋላ ስለሚወስደው ዘንግም፣ ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ስለሚያካፍለው የኋላ ዲፈረንሻልም፣ ሁሉም ከዚያችው መኪና እንደሚመጣ አስረዳኝ። እኔም ምን ሥራ እንደምሠራ፣ ባለቤቴ ካረፈ አራት ዓመት እንደሆነው፣ በዚህች መኪና ሦስት ልጆች እንደማሳድግ ነገርኩት። ለምን ነገርኩት? ይህን ራሴን ከጠዋት ጀምሮ እየጠየቅሁ ነው።

ካምቢዮውን ፎቶ አላነሳሁም። ውል አልጻፍኩም። ደረሰኝ ስጠይቅ «15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል፣ ለምን ትጎጃለሽ» ሲለኝ ለእኔ ያሰበ መሰለኝና ተውኩት። 100,000 ብር ቀብድ ሰጠሁ። አሥር ቀን የተባለው ሠላሳ አራት ቀን ሆነ፤ መብራት ጠፋ፣ በያጁ ለቅሶ ሄደ፣ ዕቃው መንገድ ላይ ነው፤ የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ርክክቡ የሆነው በሰኔ መጨረሻ ነው። ባለ ጋራዡ ራሱ በሩን ከፍቶ አስገባኝና ከመሪው ጎን ወደተገጠመ አዲስ ማብሪያ ጠቆመኝ። ሲጫኑት ከላዩ ያለችው መብራት አረንጓዴ ትበራለች። «ጭቃ ስትገቢ ተጫኚው፣ አስፋልት ስትወጪ አጥፊው» አለኝ። ከዚያ ማርሹን ነጻ አደረገና ሁለቱን ልጆች መኪናዋን እንዲገፉ አዘዘ፤ እኔን ከጎን አስጎነበሰኝ። ከሆዷ ሥር ረጅሙ ዘንግ አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ይሽከረከራል። «አየሽ የኔ እናት፣ ሲዞር?» አየሁ። በዓይኔ አየሁ። እግዚአብሔር ይስጥህ ብዬ መረቅሁት፣ ቀሪውን 85,000 ብር እዚያው ቆሜ በስልኬ አስተላለፍኩ፣ ለልጆቹም ለሻይ ብዬ 1,000 ብር ሰጠኋቸው። ብሩን የተቀበለው ልጅ ቀና ብሎ አላየኝም። ያውቅ ነበር።

ሐምሌ ላይ ቅቤ ጭኜ ስመለስ ያው የፍቼ ዕለት የተተከልኩበት ቦታ ላይ እንደገና ተተከልኩ። ማብሪያውን ተጫንኩ፤ መብራቷ በራች። ነዳጅ ሰጠሁ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። የሰፈሩ ልጆች መጥተው ከኋላ ሲገፉ በመስተዋት አያቸዋለሁ። ከፊት በኩል ጭቃው እስከ መስኮቴ ይረጫል፤ ከኋላ የቆሙት ልጆች ልብስ ላይ ግን አንዲት ጠብታ አላረፈችም። ይህን አየሁ፣ አልገባኝም! ከመካከላቸው አንዱ መስኮቴን አንኳኩቶ በሲዳምኛ «እትዬ፣ የኋላው ጎማ ተኝቷል እኮ» አለኝ። ጭቃው ስለያዘው ነው ብዬ መለስኩለት። የአሥር ዓመት ልጅ የነገረኝን እውነት የ185,000 ብር ክፍያዬ አላሰማኝ አለ።

በማግስቱ አንድ ምግብ ቤት ቅቤውን መለሰብኝ፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል አሉ። ቀመስኩት፤ እውነታቸውን ነው። ቅቤ እንደምታውቁት አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። ሌሎቹም መለሱ። የአንድ ሳምንት ድካሜ ነበር። መኪናዋን ወደ ሌላ ጋራዥ የወሰድኳት ስለዚህ ሽታ ብዬ እንጂ ስለ ጎማው ጠርጥሬ አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት ነው። አቶቴ አካባቢ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ አሉ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። በእጅ ባትሪ ከሥር ገቡና ብዙ ሳይቆዩ ወጡ። ምንም አልተናገሩም። መኪናዋን በክሪክ አስነሥተው በአራት የብረት ማቆሚያ ላይ አስቀመጧት፤ አራቱም ጎማ ከመሬት ተነሣ። «ልጄ፣ ግቢና አስነሺ። ያን ማብሪያሽንም ተጫኚው» አሉኝ። አስነሣሁ፣ ተጫንኩ፣ መብራቷ በራች። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ። የፊት ጎማዎቹ መዞር ሲጀምሩ መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ ይሰማኛል። በመስተዋት ወደ ኋላ አየሁ። እሳቸው ከኋላው ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ብለዋል። መዳፋቸውን ጎማው ላይ አኖሩ። ልክ የተኛ ከብት ላይ እጅ እንደሚያኖር ሰው፣ ዝም ብለው። ጎማው አይንቀሳቀስም። ፊት ለፊቴ አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች፤ ከኋላዬ የእኚያ ሰው እጅ የቆመ ጎማ ላይ ነው። ማርሹን ሁለተኛ አደረግሁት፤ ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፤ ምናልባት በሁለተኛው ይዞር ይሆናል ብዬ። አልዞረም። «በቃ፣ አጥፊው ልጄ» አሉኝ።

ከሥር አስገብተው አሳዩኝ። ያ ጥቁር ዘንግ ከኋላ ዲፈረንሻሉ ላይ በትክክል ታስሯል። የፊቱ ጫፍ ግን ካምቢዮው ጋ ሳይደርስ አንድ ክንድ ያህል ቀርቶት፣ ወለሉ ላይ በተበየደ ብረት ውስጥ ባለ ኩሽኔታ ላይ ተንጠልጥሏል። ክፍተቱ እንዳይታይ ከሥሩ ላሜራ ታስሮበታል። ካምቢዮው የራሷ ነው፣ የድሮው ነው፣ ማንም አልነካውም። መኪናዋ ስትገፋ የሚዞሩት የኋላ ጎማዎች ናቸው ዘንጉን የሚያዞሩት። እኔ ያየሁትና የመረቅሁት ይህንን ነው። ዘንጉ እንዲያልፍ ደግሞ የነዳጅ ማጠራቀሚያውን በመዶሻ ወደ ውስጥ አጎድጉደውታል፤ ስፌቱ ላይ ተሰንጥቆ ቤንዚን ያልበዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጆቼን ከኋላ ወንበር፣ ልክ ከዚያ በላይ አስቀምጬ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን አመላልሻቸዋለሁ። የማብሪያው ሽቦ ሲከተሉት ከፊውዝ ወጥቶ መብራቷ ጋ ያልቃል። ወደ ሌላ የትም አይሄድም። ጋሼ እንደነገሩኝ የዚያ ዘመን ባለአራት ጎማ ጎታች ባለ 2.0 ሊትር ራቭ ፎር ሁልጊዜ በአራቱም ስለምትጎትት ጭራሽ እንዲህ ያለ ማብሪያ የላትም። ያችን መብራት የፈጠሯት ለእኔ ብለው ነው።

ሥራው በእርግጥ ቢሠራስ ኖሮ ብዬ ጠየቅኋቸው። የፊት ጎማ ጎታች መኪና ካምቢዮ ኃይሉን ለሁለቱ የፊት ጎማዎች አካፍሎ ይጨርሳል፣ ወደ ኋላ የሚያወጣ በር የለውም አሉኝ። ያንን በር የሚከፍተው ትራንስፈሩ ነው። ያ ካምቢዮ ደግሞ ከእኔ ሞተር ጋር እንዲሁ ስለማይገጥም ሞተሩም አብሮ መምጣት ነበረበት፤ ሞተር ከተቀየረ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር አይገጥምም፣ ለቦሎ ምርመራ ስትሄጂ ሌላ ጣጣ ነው። ቀጥሎ የኋላ እግሩ በሙሉ፣ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ጋር፣ ለዘንጉ ቦታ እንዲኖረው ሆኖ ከተሠራች መኪና መነቀል አለበት። የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል የጥርስ ምጣኔ ካልተመሳሰለ ደግሞ ፊትና ኋላው እርስ በርስ ይታገላሉ፣ ጎማው ያልቃል፣ ትራንስፈሩ ይሰበራል። «በዚህ ሁሉ ወጪ ያንቺን ሸጠሽ በአራቱም የምትጎትተውን ብትገዢ ይሻልሽ ነበር» አሉኝ። ከዚያ የፊት ጎማዬን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው ጥርሱ እንዳለቀ አሳዩኝ። ጭቃው ውስጥ የተከለኝ ከሁሉ በፊት እሱ ኖሯል። የሚያስፈልገኝ አራት የጭቃ ጎማ ነበር። ይህን የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ ነበር ወደዚያ ጋራዥ የገባሁት፣ ለዚያ ነበር ያመንኩት።

በቀጥታ ወደዚያው ሄድኩ። ባለ ጋራዡ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል፤ አልተነሣም። «የኔ እናት» ቀርቷል። «ሴትዮ፣ መኪናሽ ትሄዳለች አይደል?» አለኝ። የኋላው አይዞርም፣ ዘንጉ ከምንም ጋር አልተያያዘም አልኩት። «በአራቱም ትጎትታለች የሚል የፈረምኩልሽ ወረቀት አለ?» አለ። የለም። «ጭቃ ላይ መንዳት ካልቻልሽ የእኔ ጥፋት ነው?» ልጆቹ ሳቁ። ያ ለሻይ የሰጠሁት ልጅ አልሳቀም፤ ሥራውን ትቶ ወደ ጓሮ ሄደ። በመጨረሻ ስልኩን ኪሱ ከተተና «ባለቤትሽን ላኪው፣ ለእሱ እናስረዳዋለን» አለኝ። ባለቤቴ ማረፉን ካምቢዮውን ያሳየኝ ዕለት ከአፌ ሰምቷል። ረስቶት ይሁን ሆን ብሎ አላውቅም፤ ሁለቱም ያው ነው። መልስ ሳልሰጥ ወጣሁ። በሩ ላይ አንድ ሌላ ባለመኪና ቆሞ ነበር፤ ምንም አልነገርኩትም፤ ይህም አሁን ይቆጨኛል።

ይህን ሥራ ልታሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ተዉት። እንቢ ካላችሁ ግን ሳትከፍሉ መኪናዋን በአራት ማቆሚያ አስነሥታችሁ ማርሽ አስገቡና የኋላውን ጎማ እዩ፤ በሚገፋ መኪና አትታለሉ። ደረሰኝ ይዛችሁ ውጡ፣ 15 በመቶውም ይጨመር።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ካምቢዮውን በእርግጥ አይቼዋለሁ፤ የሆነ ሰው መኪና ውስጥ ገብቷል ወይም ተሽጧል። ከግንቦት ወዲህ ሐዋሳ ውስጥ ትራንስፈሩ የተገጠመበት የራቭ ፎር ካምቢዮ የገዛችሁ ወይም ያስገጠማችሁ ካላችሁ ጎኑን እዩልኝ። በነጭ ቀለም 7 ተጽፎበት ከሆነ፣ ለእኔ ተብሎ የታየው ነው፤ ለፖሊስ ምስክር አድርጌ የማሳየው እናንተን ነውና እባካችሁ ጻፉልኝ።