የ1900ው የፓሪስ የአልባሳት ቤተ መንግሥት በልብስ ሰፊ ዓይን

ልብስ ሰፊ ነኝ። በብዛት የምሠራው የሙሽራ ቀሚስ ነው። የድሮ ፋሽን ፎቶ ሳገኝ ቀድሜ የማየው ስፌቱን ነው። ሰሞኑን እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪሱ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የቀረበውን «የአልባሳት ቤተ መንግሥት» ፎቶዎችና የጊዜውን መጽሐፍ ኢንተርኔት ላይ አግኝቼ ረጋ ብዬ አየሁት። በጣም ወድጄዋለሁ። ቅሬታም አለኝ።

ሐሳቡ የፌሊክስ ነው፤ በፓሪስ ስሙ የታወቀ ልብስ ሰፊ። የሴቶችን አለባበስ ከጥንት እስከ 1900 ድረስ በሰም ምስሎች አሳየ። ምስሎቹ ዝም ብለው የተደረደሩ አይደሉም። ክፍል ተሠርቶላቸው፣ የዘመኑ ዕቃ ተሟልቶላቸው፣ አንድ ነገር ሲያደርጉ ነው የምናያቸው። በአንዱ ትዕይንት የናፖሊዮን ሚስት ጆሴፊን ለ1804ቱ የዘውድ በዓል ስትዘጋጅ ትታያለች። ሙሽራ አልብሳ የምታውቅ ሴት ያቺን ሰዓት ታውቃታለች። ሁሉም ይሯሯጣል፣ ለባሿ ግን ቀጥ ብላ መቆም አለባት።

ለእኔ ግን ከነገሥታቱ ሁሉ የሚበልጠው ከግብፅ የመጣው ነው። አልበር ጋዬ የተባለ ፈረንሳዊ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ አንቲኖኤ በምትባል የግብፅ ጥንታዊ ከተማ መቃብሮች ቆፍሮ ያገኛቸው ልብሶች እዚያው ቀርበው ነበር። አንቲኖኤን የቆረቆራት የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ሀድሪያን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ130። ጆሴፊን ላይ ያለው ልብስ ለኤግዚቢሽኑ ተብሎ የተሰፋ ነው። የግብፆቹን ግን ሰው ለብሷቸው ተቀብሯል። ልዩነቱ ለእኔ የሰማይና የምድር ነው።

የዚያ ዘመን የግብፅ እጀ ጠባብ አሠራሩ ይገርማል። ብዙ ጊዜ መደቡ የተልባ ክር ነው፣ ጌጡ ባለቀለም ሱፍ። ጌጡ በኋላ የተለጠፈ ሳይሆን፣ እንደ እኛ ጥለት ሸማኔው እዚያው አብሮ የሸመነው ነው። ከሁለቱ ትከሻዎች ወደ ታች ይወርዳል፣ እጅጌው ጫፍ ላይም ይደገማል። ብዙዎቹ ከነእጅጌያቸው አንድ ወጥ ሆነው ነው ከሽመናው የሚወጡት። የአንገቱን ቀዳዳ እንኳ ሸማኔው ነው የሚተወው። ከዚያ ትከሻ ላይ ማጠፍ፣ ጎንና ጎኑን መስፋት፣ አለቀ! መቀስ አያባክነውም። ወገብ ላይ ደግሞ ዙሪያውን ታጥፎ የተሰፋ እጥፋት ያለባቸው አሉ፤ ቁመት ለማሳጠር። እኔም ልብስ ሲረዝም ይህንኑ አደርጋለሁ።

በዚያው ኤግዚቢሽን የጊዜው ስመ ጥር የፋሽን ቤቶች፣ እነ ወርዝና ፓኬን፣ አዲስ ሥራቸውን በሌላ አዳራሽ አሳይተዋል። የፋሽኑን ክፍል የመራችው ጃን ፓኬን ነበረች። በ1900 ሴት ልጅ! በዋናው በር አናት ላይ የቆመችውን «ላ ፓሪዚየን» የተባለች ግዙፍ ሐውልትም ያለበሰቻት እሷ ናት። የጥንት አማልክት ልብስ ሳይሆን የዘመኑን ፋሽን አለበሰቻት። ያኔ ብዙ ሰው ነቅፎታል፣ እኔ ግን አድንቄያታለሁ።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ያየኋቸው ፎቶዎች ከፊት የተነሱ ናቸው። የቀሚስ ሚስጥሩ ያለው ደግሞ ከጀርባው ነው፤ ማሰሪያው፣ መንጠቆው፣ ሽንሽኑ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ከፋዩንና ሐሩን መለየትም ያስቸግራል። የሴት ልብስ ታሪክ ተብሎ ደግሞ ቤተ መንግሥትና ባለጸጋ ላይ ማተኮሩ አላስደሰተኝም። ውኃ የምትቀዳ፣ ገበያ የምትውል ሴትም ለብሳለች እኮ።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የወሰደው ጀርባው ነው። በልብስ ሥራ ላይ ያላችሁ ግን ሳታዩት እንዳትቀሩ፣ ከአንቲኖኤ ጀምሩ። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ከአንቲኖኤ የወጡ ጨርቆች በሉቭርና በሊዮን የጨርቃጨርቅ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አሉ። አሮጌ ጨርቅ ብርሃን ስለሚጎዳው ሁሌ ለዕይታ አይወጣም፣ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።